የወህኒውን በር ተዉትና ሁለተኛውን ሳምንት ቅረጹ

ከወህኒ የወጣች እናትን ታሪክ በትንሽ በጀት፣ ያለ ትልቅ ስቱዲዮ ፊልም ሊያደርግ የተነሳ ሰው ጎንደርን ቢመርጥ ጥሩ መርጧል። የምፈራው ድርሰቱ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ በእንባ ተጀምሮ በእንባ እንዳያልቅ ነው። እናትየዋ የምትፈተነው «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» ያለው ጎረቤት ወደየቤቱ ተመልሶ ሁለተኛው ሳምንት ሲገባ ነው። ፊልሙ ከዚያ ይጀምር።

ሕጉን በትክክል ያዙት። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ ከቅጣቷ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰች፣ ጠባይዋ የተሻሻለና ያደረሰችውን ጉዳት በተቻላት መጠን የካሰች ሴት በአመክሮ ልትፈታ ትችላለች። ዘጠኝ ዓመት ተፈርዶባት ከሆነ ስድስት ዓመት ታስራ ልትወጣ ትችላለች ማለት ነው። የቀረው ግን በአናቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሌላ ወንጀል ውስጥ ከገባች ልትመለስ ትችላለች። ይህ በደንብ ከተጻፈ ሌላ ባላንጣ መፍጠር አያስፈልግም። ሰው ሲሰድባት፣ የሠራችበትን ገንዘብ ሲከለክላት ለምን ዝም እንደምትል ተመልካቹ ይገባዋል።

ልጅቱ እናቷ ስትታሰር ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ስምንት ሞልቷታል። አያቷን እማዬ ትላለች፣ እናቷን በስሟ ትጠራለች። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና እንክብካቤያቸውን የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ እዚያው የሕፃኑ ደኅንነት እንዲቀድም ያዛል። እናትም አያትም የሚቆሙበት መሬት አላቸው። አያቲቱን ክፉ አድርጎ መሳል ለእኔ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ስድስት ዓመት ያሳደጉ እሳቸው ናቸው።

ኑሮውም ይታይ። እዚያው ጎንደር፣ አዘዞ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ እንጀራ ጋግራ ልትሸጥ አሰበች እንበል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ስለሚስብ፣ ቆጣሪው የጋራ በሆነበት ግቢ አከራይዋ አይፈቅዱላትም። ስለዚህ በማገዶ ነው። ጤፉን በዱቤ ልታገኝ ትችላለች፤ እርሾ ግን ከጎረቤት የሚለመን ነው። ጎረቤቲቱ ትሰጣታለች ወይስ «ዛሬ አላቦካሁም» ትላታለች? አንድ ኩባያ እርሾና ደጃፍ ላይ የቆሙ ሁለት ሴቶች፤ ከዚህ የበለጠ ትዕይንት አላውቅም።

ሊጡ እስከ ሦስት ቀን ይቦካል። ከዚያ ጥቂት ተቀንሶ በፈላ ውኃ ይማሰልና አብሲት ይሆናል፤ በረድ ሲል ሊጡ ላይ ተመልሶ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። እሱን ካጣደፈች ወይም ምጣዱ በደንብ ሳይግል ከጋገረች እንጀራው ዓይን አያወጣም። የመጀመሪያው ሲበላሽ ተዋናይዋን አታስለቅሷት። አጣጥፋ ለራሷ ታስቀምጠውና ወደ ሁለተኛው ትለፍ።

ስትቀርጹ አንድ የቀረጻ ሙከራ አንድ እንጀራ ስለሚበላ፣ ሊጡን በተለያየ ቀን እየለያችሁ አስቀድማችሁ አቡኩ። እንፋሎት ጎልቶ የሚወጣው ብርሃን ከጀርባው ሲመጣ ነውና ካሜራው ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዙር። የመብራታችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ካሜራውን በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተሩን (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉ፤ አለዚያ አምፖሉ ምስሉ ላይ ሊርገበገብ ይችላል። በቆርቆሮ ክዳን ሥር ሐምሌና ነሐሴ ላይ ንግግር መቅዳት ከንቱ ድካም ነው፤ ጥቅምትን ጠብቁ። ነጠላ ሥር የተሰካ ማይክ ጨርቁ ሲነካው ይንኮሻኮሻል፤ ከላይ በዘንግ የሚያዘው ይሻላል። በየክፍሉ የአንድ ደቂቃ ዝምታ መቅዳት አትርሱ፤ ንግግሩ በኤዲቲንግ ሲቆራረጥ ክፍተቱን የሚሸፍነው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ኤዲት እንዳለቀ፣ የድምፅ ሥራው ከመጠናቀቁ በፊት፣ ከእስር ለወጡ ሴቶች አሳዩት። ለጊዜያቸው ክፈሏቸው፤ ስማቸውን ግን የትም አታውጡ። «እንዲህ አይደለም» ያሉት ትዕይንት፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ይውጣ። የማሳያ ቦታውም አያስጨንቃችሁ። የጎንደሩ ተወላጅ የፊልም ሠሪ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 የሠሩትን «ሳንኮፋ» የተባለ ፊልም የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም ሲሏቸው ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ አሳይተውታል። እናንተም አንድ አዳራሽ ለአንድ ቅዳሜ ተከራይታችሁ ጀምሩ።