ማስተካከያ፦ ድፍርስ ውሃን የሚያጠራው የጨው ብዛት ብቻ አይደለም

ቀደም ሲል ስለ ድፍርስ ውሃ ባቀረብሁት ጽሑፍ፣ ማንኛውም ጨው በእኩል መጠን ቢጨመር የሸክላ ብናኞችን እኩል ያዘቅጣል ብዬ ነበር፤ አባባሉ ስህተት ስለሆነ እንደሚከተለው ይታረም።

የሸክላ ብናኞች ገጽ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ውሃውም ለቀናት ሳይጠራ ይቆያል። ጨው ሲሟሟ የሚለቃቸው አዎንታዊ አዮኖች (አዎንታዊ ሙል የተሸከሙ ጥቃቅን ቅንጣቶች) ይህን መገፋፋት ያዳክማሉ፤ አቅማቸውን ግን ከብዛታቸው ይልቅ እያንዳንዱ አዮን የተሸከመው ሙል አብልጦ ይወስነዋል። በሹልዝና በሃርዲ ስም በሚጠራው ሕግ ንድፈ ሐሳባዊ ስሌት፣ አንድ ሙል ካለው ሶዲየም 64 እጅ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ሁለት ሙል ካለው ካልሲየም 1 እጅ ይበቃል፤ በተግባር የሚታየው ልዩነት እንደ ሸክላው ዓይነት ይለያያል። የውሃ ማጣሪያ ጣቢያዎች በገበታ ጨው ፈንታ አሉሚኒየም ሰልፌት የሚጠቀሙትም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ አሉሚኒየሙ በውሃ ውስጥ ጥጥ መሰል ዝቃጭ ሠርቶ ብናኙን ይዞ መውረዱም ያግዛል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ስህተቱ በመስኖ እርሻ ላይ ሊያስከትል የሚችለው ጉዳት ነው። ሶዲየም የበዛበትን አፈር ጨው በሌለው ውሃ ብቻ ማጠብ ሸክላውን በትኖ የውሃ መስረጊያ ቀዳዳዎችን ስለሚደፍን፣ አስቀድሞ ጂፕሰም የተባለውን ካልሲየም ያለው ማዕድን በመጨመር ሶዲየሙን በካልሲየም መተካት ያስፈልጋል።