ለጥያቄ ቲሸርት አይሰጥም

የድሬ ሰዎች፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው፤ ለዕጩዎቹ አይደለም።

በምርጫ ቅስቀሳው ሰሞን ደቻቱ ወንዝ ዳር በተጠራው ስብሰባ ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። ሞንታርቦው ሰፈሩን ሲያናውጥ ዋለ፤ ቲሸርትና ኮፍያ ከካርቶን እየወጣ ታደለ። ዕጩው ጥቂት ተናግሮ ሊወርድ ሲል አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ልጄ፣ ጎርፉ በሌሊት ቢመጣ ማነው የሚቀሰቅሰን?» አሉት።

እኚህ ሴት ሐምሌ 1998 ከደጋው የወረደው ውሃ በተኙበት የደረሰባቸው ናቸው። ያ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው እንደጨረሰ ማን ይነግራችኋል? ከእናንተ መሀል ዘመድ ያልቀበረ ስንት ነው? ዕጩው ዝም አለ። አስተባባሪው ማይኩን ከእጃቸው ወሰደና «እማማ፣ ቲሸርት ደርሶዎታል?» አላቸው። ወዲያው ዘፈን ተለቀቀ። «ይመልስላቸው እንጂ!» ብዬ ብጮህ ድምፄን ሞንታርቦው ዋጠው። የሳቃችሁ ነበራችሁ። እስክስታ የወረዳችሁም ነበራችሁ። እሳቸው ያንን ቲሸርት ደረታቸው ላይ ይዘው፣ መልሱ የሚመጣ መስሏቸው፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተቀመጡም።

አስተባባሪው የታዘዘውን አደረገ። እናንተ ግን ጎረቤቶቻቸው ናችሁ! ጥያቄውም የሁላችን ነበር። ሳሙና ሻጭ ከገዢው የሚፈልገው ኪሱን ነው፤ እነዚህም ከእኛ የሚፈልጉት ጭብጨባና የአንድ ቀን ድምፅ ሆኗል። እንዲህ እንዲያዩን የፈቀድንላቸው እኛው ነን፤ ኮፍያው ሲታደል ተጋፍተን፣ ጥያቄው ሲነሳ አቀርቅረን።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይላል። ማንሳት የሚችል ሕዝብ እንዴት መልስ መጠየቅ ያቅተዋል? ከዕጩው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር፣ የሰፈሩን ችግር አብሮ ማቀድ፣ ከተመረጠም በኋላ ተከታትሎ መያዝ የእኛ ሥራ ነው። ይህን ስጽፍ ንዴቴ እየበረደ ኀዘን ይተካዋል፤ ድሬ በጎርፉ ማግስት በሯን ከፍታ ያላወቀችውን ሰው ያሳደረች ከተማ ናትና። ያ ደግነት የት ሄደ አልልም፤ አለ። ለአደባባይ ግን አልወጣም።

እባካችሁ፣ በርጫ ላይ ስትቀመጡ የየሰፈራችሁን ጥያቄ ተነጋገሩና በወረቀት ጻፉት። የሚቀጥለው ዕጩ ሲመጣ አንዱ ያንብበው፣ ሌላው ከጎኑ ይቁም፤ መልስ ሳይሰጥ ዘፈን እንዳይከፈት። ከዚህ በፊትም ብያችኋለሁ፣ ሰሚ አላገኘሁም። ደክሞኛል፤ ቢሆንም ከእናንተ ሌላ የምለምነው ሰው የለኝም።