ማስተካከያ፦ የሲቢቲ ወረቀት ሙሉ መንጃ ፈቃድ አይደለም

ለንደን ውስጥ በሞተር ሳይክል ምግብ ለሚያደርሱ ባቀረብነው ጽሑፍ፣ ሲቢቲ የተባለውን የጀማሪ ሞተር ነጂዎች የግዴታ መሠረታዊ ሥልጠና የጨረሰ ሰው «ሙሉ መንጃ ፈቃድ አለው» ብለን ነበር። ስህተት ነው። ሲቢቲ የሚያስገኘው ለ2 ዓመት የሚያገለግል ምስክር ወረቀት ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ የቲዎሪና ሁለቱ የመንዳት ፈተናዎች ካልታለፉ ሥልጠናው እንደገና ይወሰዳል። ዕድሜው 17 የሞላው፣ ጊዜያዊ መንጃ ፈቃድ ይዞ፣ ሞተሩ እስከ 125 ሲሲ፣ ጉልበቱም እስከ 11 ኪሎዋት የሆነ ሞተር ሳይክል ይነዳል። ነጂው ለማጅ መሆኑን የሚያሳየው ቀዩ የ«ኤል» ምልክት ከፊትም ከኋላም ይለጠፋል፤ ሰው ማፈናጠጥና ሞተርዌይ (ፈጣን አውራ ጎዳና) መግባት ክልክል ነው።

ብዙዎችን የሚያስቀጣው ግን ኢንሹራንሱ ነው። ለግል መመላለሻ የተገዛ ኢንሹራንስ በክፍያ ምግብ ማድረስን ስለማይሸፍን፣ ፖሊስ ካስቆመ ኢንሹራንስ እንደሌለ ይቆጠራል፤ 300 ፓውንድና 6 የቅጣት ነጥብ ያስከትላል፣ ሞተሩም ሊወሰድ ይችላል።