ኮሞዶር ባይገኝም ሮቦቱ ይሠራል

ወንድሜ፣ ኮሞዶር 64 በሚባለው የድሮ የቤት ኮምፒውተር ስለሚነዳው ሮቦት የጻፍከውን ከደብረ ማርቆስ ሆኜ አንብቤዋለሁ። አሪፍ ነው፣ እጅህ ይባረክ። ግን «ማሽኑ የሌለው ሰው ባይሞክረው ይሻላል» ያልከው አልተዋጠልኝም።

እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ኮሞዶር ጎጃም ውስጥ ከየት ይመጣል? እኛ ጋ ያለው መጋዘን ውስጥ አቧራ የጠጣ ዴስክቶፕ ነው። ከጀርባው ባለ 25 ቀዳዳው የፕሪንተር ሶኬት ካለው በቂ ነው።

አሠራሩ እኮ ይመሳሰላል። ኮሞዶሩ ዩዘር ፖርት በሚባለው ሶኬቱ ላይ 8 የዳታ መስመር አለው። ቤዚክ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ «ፖክ 56579፣255» (POKE 56579,255) ስትል መስመሮቹ ትእዛዝ ወደ ውጭ የሚልኩ ይሆናሉ። ከዚያ «ፖክ 56577፣1» (POKE 56577,1) ስትል የመጀመሪያው ይበራል። የፕሪንተር ሶኬቱም ከፒን (ከቀዳዳ ቁጥር) 2 እስከ 9 ድረስ 8 መስመር አለው። ዴስክቶፑን ዶስ በሚባለው የድሮ ሲስተም አስነሳና የቤዚክ ዓይነት የሆነውን ኪውቤዚክ ከፍተህ «አውት 888፣1» (OUT 888,1) በል። 888 የሶኬቱ አድራሻ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ፒን 2 ላይ በሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን በሚገድብ ዕቃ) ያሰርካት ትንሽ የኤልኢዲ መብራት ቦግ ትላለች። በዜሮ ስትተካው ድርግም። ልጆች ይህን ሲያዩ ከኪቦርዱ የሚያላቅቃቸው የለም!

አንድ ነገር ግን አደራ። የሮቦቱን ሞተር በቀጥታ ሶኬቱ ላይ እንዳታስሩ፣ የኮምፒውተሩ ቦርድ ሊቃጠል ይችላል። መሀል ላይ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚያገለግል ትራንዚስተር ይግባ፣ ሞተሩም የራሱ ባትሪ ይኑረው፣ የባትሪውና የኮምፒውተሩ ኔጋቲቭ ግን ይገናኝ። ሞተሩ ሲጠፋ የሚረጨውን ቮልቴጅ የሚያስቀር ዳዮድም (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ያስፈልጋል። ሞተሩን የተበላሸ ቴፕ ወይም ዲቪዲ ማጫወቻ ፈትታችሁ ማውጣት ትችላላችሁ።

በሚቀጥለው ሮቦቱ ግድግዳ ሲነካ እንዴት እንደሚመለስ ጻፍልን።