ገዳዩ በአቦል ይታወቃል

ጅማ ላይ የወንጀል ምርመራ ፊልም የሚታየው ገዳዩን ለማወቅ አይደለም። ገዳዩማ ይታወቃል። ቡናው ተቆልቶ፣ ጭሱ በየአፍንጫው ዞሮ፣ አቦሉ ሲቀዳ ነፍሰ ገዳዩ ከነምክንያቱ ተለይቷል፤ በቶና ማስረጃ ይፈለግለታል፤ በበረካ ይፈረድበታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰዓት፣ መርማሪው በስንት መከራ እኛ የደረስንበት እስኪደርስ የምንታገሥበት ነው።

በግቢያችን ይህ ችሎት የተቋቋመው አንዲት ክፍል የተከራየ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በፍላሽ ይዞት በመጣው የእንግሊዝ ተከታታይ ፊልም ሰበብ ነው። ፊልሙ አጋታ ክሪስቲ በልቦለዶቿ የፈጠረችው የኤርኩል ፕዋሮ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2013 ድረስ 70 ክፍል ተሠርቶለታል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መርማሪውን ሆኖ የተጫወተው ዴቪድ ሱሼ የተባለ ተዋናይ ነው። የመርማሪው ስም ለምላስ ስላልተመቸ ግቢው «ሪዛሙ» ብሎ አወጣለት። ሪዙ ጫፍና ጫፉ ተቆልምሞ ወደ ላይ የወጣ፣ ለቁርስ የሚቀርቡለት ሁለት እንቁላሎች መጠናቸው እኩል ካልሆነ ቅር የሚለው፣ ከምንም በላይ ደግሞ ጭቃ የሚጠላ ሰው ነው። ጭቃ መጥላቱ ጅማ ላይ ወዲያው ዘመድ አፈራለት። በሐምሌ ዝናብ ከመርካቶ እስከ ቤቱ በእግሩ የመጣ ሰው፣ ሪዛሙ የእንግሊዝ ገጠር መሀል ቆሞ የሚያብለጨልጭ ጫማውን ቁልቁል ሲመለከት ያለውን ሐዘን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

የግቢው ባለቤት እትዬ የሰው ፊት አይተው አይፈርዱም፤ የሚያዩት አበላሉን ነው። ሾርባውን ገፍቶ የተነሳ፣ ማንኪያውን ይዞ ሳይቀምስ የሚያማስል፣ «አልራበኝም» ያለ ሰው በእሳቸው ዘንድ ያለቀለት ነው። ጎረቤታችን ባለሱቁ ሐጂ ግን ሆድ አያዩም። «ዕዳ ያለበት ማን ነው? እሱን ንገሩኝ» ይላሉ ገና ጀበናው ሳይወርድ። እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን ጊዜ የሚረቱት ሐጂ ናቸው፤ አጋታ ክሪስቲ ሰው የምታስገድለው ብዙውን ጊዜ በውርስና በገንዘብ ነውና። ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ከየትኛውም መርማሪ ይልቅ የዱቤ መዝገብ የያዘ ሰው ይቀርባል።

እኔን የምትገርመኝ ግን የእትዬ የቤት ሠራተኛ ናት። በሩ አጠገብ ባለሦስት እግር በርጩማ ላይ ቁጢጥ ብላ፣ ስኒ እያጠበች፣ በግማሽ ዓይኗ ነው የምትከታተለው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ነርሷ ናት» ትላለች። ማንም አይሰማትም። ሪዛሙ ሰዎቹን ሁሉ ሳሎን ሰብስቦ መናገር ሲጀምር «ከሰል ጨምሪ» ተብላ ትላካለች፤ ስትመለስ ነርሷን ፖሊስ ይዞ እየወጣ ነው። የሪዛሙ ብልሃት እኮ አንዱ ይኸው ነው፤ ጌቶቹ ሲዋሹት ወደ አሽከሮቹና ወደ ገረዶቹ ዞሮ ያነጋግራቸዋል። ይህንን ክፍል ግቢያችን ብዙም አይወደውም፤ «ታሪኩን አንቀረፈፈው» ይባላል።

ዋናው ቅሬታ ግን ከግድያው ጋር ግንኙነት የለውም። ለቅሶ የለም! የአባወራው ሬሳ ጠዋት መጻሕፍቱ መሀል ወለል ላይ ተዘርሮ ተገኝቶ፣ ማታ ልጆቹ ጥቁር ኮትና የሐር ቀሚስ ለብሰው ራት ይቀርባሉ። ጥቁሩም ለሐዘን አይደለም፤ ለራቱ ነው። አሽከሩ ሾርባ ያዞራል። ደረት የሚመታ የለ፣ ሙሾ የሚያወርድ የለ፣ ንፍሮ ይዞ የሚመጣ ጎረቤት የለ። እትዬ መጀመሪያ ሰሞን ይህን ሲያዩ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ኧረ እኛ እንኳን እናልቅስለት!» ብለው ለአንድ ሽማግሌ ከልባቸው አነቡ። ሽማግሌው በኋላ እሱ ራሱ ከባድ ግፍ የሠራ ሰው ሆኖ ሲገኝ፣ እንባቸውን ስላባከነባቸው እስከ ዛሬ ይቅር አላሉትም።

ሐጂ ነገሩን ከሥሩ ሊመረምሩት ፈለጉ።

«እድር የላቸውም እንዴ?»

ፊልሙን የሚያስተረጉሙልን ጡረተኛው መምህር እንደሌላቸው አረጋገጡላቸው።

«እንግዲያው መርማሪ ቢያስፈልጋቸው ምን ይገርማል!» አሉ ሐጂ። የእድራችን ገንዘብ ያዥ መሆናቸው እዚህ ላይ መነገር አለበት። «እድር ቢኖራቸው፣ ድንኳኑ በተተከለ ማግሥት ማን እንደቀረ ከመዝገብ ይታይ ነበር። የቀረው ሰው ገዳዩ ነው። ገዳይ ባይሆንም ይቀጣል።»

ሁለተኛው ቅሬታ የሪዛሙ ላጤነት ነው። ሚስ ሌመን የምትባል ጸሐፊ አለችው፤ ፋይል አደራደሯ ለሪዛሙ እንኳን እንከን የማይወጣለት። «እንዲህ ያለች ሴት ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እሱ ሌባ ያሳድዳል» ይላሉ እትዬ። ሽማግሌ ይላክ ቢባል ማን ይሄዳል የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ሆኗል። ወዳጁ ካፒቴን ሄስቲንግስ የሰማውን ሁሉ የሚያምን የዋህ ስለሆነ ለሽምግልና አይመጥንም ተብሎ ወደቀ። ዋና ኢንስፔክተር ጃፕ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ቢያንስ የቀረበለትን ይበላል።

መምህሩ ግን እነዚህ ሰዎች በተጠሩ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል። መጻሕፍቱን ያነበቡ ሰው ናቸውና። «ይህች ሴት በዚህ ታሪክ ውስጥ የለችም!» ብለው ከወንበራቸው ይነሳሉ። እውነታቸውን ነው፤ የፊልሙ ሠሪዎች በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሄስቲንግስን፣ ጃፕንና ሚስ ሌመንን ደራሲዋ ባልጻፈቻቸው ታሪኮች ውስጥ ሳይቀር አስገብተዋቸዋል። ግቢው ግን ይህን ጥፋት ብሎ ሊቀበልላቸው አልቻለም። «ጋሼ፣ ሰው ቤት ድረስ መጥቶ ተቀምጦ አልተጠራህም ይባላል?» አሏቸው እትዬ። መጽሐፉን ካነበበ ሰው ጋር ፊልም ማየት ፈተና ነው። ገዳዩን ያውቀዋል፤ አልናገርም ብሎ ይምላል፤ ነገር ግን ገዳዩ ብቅ ባለ ቁጥር ጉሮሮውን ይጠርጋል። የሰፈሩ ልጆች አሁን ፊልሙን ትተው የመምህሩን ጉሮሮ ነው የሚከታተሉት።

በዕድሜ የገፉት አባባ ደግሞ ገዳይም ሟችም አይፈልጉም። የባቡር ጣቢያ ሲታይ ብቻ ከእንቅልፋቸው ነቅተው «ይህ ዋተርሉ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ምክንያት አላቸው። ታሪኩ በአብዛኛው የሚካሄደው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው፤ ጃንሆይ ደግሞ አገራቸው በጣሊያን ተወርራ ለንደን ዋተርሉ ጣቢያ የወረዱት እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 1936 ነው። እስከ 1940 ድረስም ባዝ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ በስደት ተቀምጠዋል። «ያን ዓመት እኛ ጣሊያን ጅማን ያዘ አልያዘ ስንል፣ እነዚህ ማን ማንን ወረሰ ይላሉ» ብለው ያዝናሉ አባባ። ሪዛሙ እሱም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከቤልጂየም ተሰዶ እንግሊዝ የገባ መሆኑ ሲነገራቸው ነገሩ ጭራሽ ከነከናቸው። «ሁለቱም ስደተኛ፣ ሁለቱም ሪዛም፤ እንዴት አንድ ቀን እንኳን አይገናኙም?» ፊልም ነው፣ ፈጠራ ነው ቢባሉ አይሰሙም። እኔም ከዚያ ወዲህ ሳላስበው ከኋላ የሚያልፉትን መንገደኞች እየፈተሽኩ አያለሁ።

ግቢውን ለሁለት የከፈለው ግን የኦሪየንት ኤክስፕረስ ባቡር ግድያ ነው። መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1934፣ ይህኛው ፊልም የተሠራው በ2010 ነው፤ እስካሁን ያላነበበም ያላየም ሰው ካለ ይህንን አንቀጽ ይዝለል፤ ከዘጠና ዓመት በላይ ምስጢር መጠበቅ ከእኔ አቅም በላይ ነው። ባቡሩ ዩጎዝላቪያ ውስጥ በበረዶ ተይዞ ቆሟል። አንድ ባለገንዘብ መኝታው ላይ 12 ጊዜ ተወግቶ ሞቶ ተገኝቷል። አቦል ላይ እትዬ አንዱን ያዙ፣ ሐጂ ሌላውን፤ መምህሩ ግን በእያንዳንዱ ተሳፋሪ ላይ ጉሮሯቸውን ስለጠረጉ ልጆቹ ግራ ተጋቡ። ጅማ ነውና መሀል ላይ መብራት ጠፋ፤ በጨለማው ሦስት ሰው ተፈረደበት። መብራቱ ሲመጣ ነገሩ ታወቀ፤ ሟቹ ሕፃን ልጅ አግቶ የገደለና ከፍርድ ያመለጠ አውሬ ሆኖ፣ ተጠርጣሪዎቹ በአንድነት ተማክረው ነው የጨረሱት። በመጽሐፉ ውስጥ ሪዛሙ ሁለት መልስ ያቀርባል። አንደኛው፣ ያልታወቀ ሰው ከውጭ ገብቶ ገድሎ ወርዷል የሚል ነው። ሁለተኛው እውነቱ ነው። የሚመረጠው የመጀመሪያው ነው። በፊልሙ ግን ሪዛሙ ይህንን ውሸት ለፖሊስ ለመናገር ነፍሱ እስክትወጣ ይታገላል፤ መቁጠሪያውን ጨብጦ እያነባ በበረዶው ላይ ይሄዳል።

መምህሩ «እንዲህ የሚል ነገር መጽሐፉ ላይ የለም፤ ይህን ያህል አላለቀሰም» ብለው ተቆጡ። እትዬ መጸለዩን ወደዱለት፤ በ70 ክፍል አንድ ጊዜ ፈሪሃ እግዚአብሔር አሳየ አሉ፤ ቀሪዎቹን ሁሉ ሳያዩ መሆኑ አልከለከላቸውም። ሐጂ ግን ልቅሶው ፈጽሞ አልገባቸውም። «ምን ያስለቅሰዋል? ሰው ሁሉ ተስማምቷል፣ አንድ ቃል ሆኗል፤ ከዚህ ወዲያ ያለው መፈረም ነው።»

የሐጂ ንግግር ፍሬ ያፈራው የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ነው። የእድሩ ዕቃ እየመነመነ ሄዶ፣ ለቅሶ ሲደርስ ትልቁ ሰታቴ የለም፣ አግዳሚ ወንበሮቹ የሉም፣ ከሁለቱ ድንኳኖች አንዱ የለም። ጉባኤው በእትዬ ግቢ ተጠራ፤ የቀረ ይቀጣል ተባለ። ሁሉም በአንድ ሳሎን ተሰብስቦ ሲቀመጥ ሪዛሙ ብቻ ነው የጎደለው። የሰው አገር ገዳይ በአቦል የሚለይ ሰው ሁሉ በዚያ ዕለት ማየትም መስማትም ተሳነው። ሐጂ ዕዳ ያለበት ማን ነው ብለው አልጠየቁም። እትዬ የማንንም አበላል አልተመለከቱም። መምህሩ ጉሮሯቸውን አንዴ እንኳን አልጠረጉም።

ስኒ ልታነሳ የገባችው ልጅ ብቻ «ሰታቴው እኮ…» ብላ ጀመረች። ፍም ለመጫር በየቤቱ የምትገባ እሷ ናት። ድንኳኑ በሐጂ ሱቅ በረንዳ ላይ ተወጥሮ ዝናብ እንደሚከላከል፣ አግዳሚዎቹ ላይ መምህሩ ማታ ማታ የሚያስጠኗቸው ልጆች እንደሚቀመጡ፣ ሰታቴው በእትዬ ጓሮ ከጣራ የሚወርደውን ውኃ እንደሚያጠራቅም ታውቃለች። እኛም እናውቃለን፤ ልዩነቱ እሷ አፏን መክፈቷ ነው።

«ከሰል ጨምሪ» ተባለች።

ቃለ ጉባኤውን የጻፉት መምህሩ ናቸው። «ማንነቱ ያልታወቀ ሌባ ከውጭ ገብቶ ንብረቱን ዘርፎ ተሰውሯል» ይላል፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ያለቀሰም የለም። ለአዲስ ዕቃ መግዣ ከየአባሉ መዋጮ እንዲሰበሰብ ተወሰነ። እስከዚያ ድረስ ለሚያጋጥም ለቅሶ እትዬ ከቤታቸው አንድ ትልቅ ሰታቴ ለማዋስ ፈቃደኛ መሆናቸውን ገለጹ፤ ጉባኤውም በጭብጨባ አመሰገናቸው።