ምስጢራዊነቱ የተጠበቀ ነው

የአገራችን ምሁራን ቃላቸውን አይጠብቁም የሚል ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ መጠይቅ ሞልቶ አያውቅም ማለት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ምን ይላል? «የሚሰጡት መረጃ ለጥናት ዓላማ ብቻ የሚውል ሲሆን ምስጢራዊነቱ የተጠበቀ ነው።» እውነት ነው፣ ተጠብቋል። መልሱ ብቻ ሳይሆን ውጤቱም፣ መደምደሚያውም፣ «ለፖሊሲ አውጪዎች» ተብሎ የተጻፈው ምክረ ሐሳብም አብሮ ተጠብቋል። ከአማካሪው፣ ከፈታኞቹና ከጠራዡ በቀር ያየው የለም። ጠራዡም ቢሆን ያየው ጀርባውን ነው።

እንዲህ ያለ ታማኝነት ሳይመሰገን ማለፍ የለበትም።

ነገሩን ከሥሩ እዩት። ተመራቂው እንቅልፍ አጥቶ ይለፋል። ወጪው ከመንግሥት ካዝና፣ ማለትም ከእናንተ ኪስ ይወጣል። ገበሬው ከማሳው ተጠርቶ ገጽ ሙሉ ጥያቄ ይመልሳል። ከዚያ ጽሑፉ በጠንካራ ልባስ ይጠረዛል፣ ርዕሱ በወርቃማ ፊደል ይታተማል፣ ከኋላው ሲዲ ይለጠፋል፣ ላይብረሪ ይገባል። አለቀ። እኔን በተለይ የሚያስደንቀኝ ሲዲው ነው። ሲዲ የሚያነብ ላፕቶፕ ከገበያ እየጠፋ ሲዲ መጠየቁ ግን አልቀረም። ከዚህ የሚበልጥ ቁልፍ ከየት ይመጣል?

ማንበብ የፈለገ መብቱ ነው። ቦርሳውን በር ላይ ያስቀምጣል። መታወቂያ ያሳያል። ከሌላ ተቋም ከሆነ የትብብር ደብዳቤ ያመጣል። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ፎቶ ኮፒም እንደዚያው። በእጅ መገልበጥ ግን ይፈቀዳል፤ የቁም ጽሕፈት ባህላችን እንዳይጠፋ ታስቦ ይመስለኛል። አንድ ወዳጄ የራሱን የማስተርስ ጽሑፍ ሊያይ ሄዶ ነበር። «የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ» ቢል፣ «ይሁን፤ ደብዳቤውን ግን ከዲፓርትመንት ያምጡ» ተባለ። ሕግ ለሁሉም እኩል ሲሆን ደስ ይላል።

ለምን ተዘጋ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አጭር ነው፤ «ይሰርቁናል!» ልክ ናቸው። ጽሑፉ ከሌባ ይተርፍ ዘንድ ላይብረሪ ተቆልፎበታል። ሶፍት ኮፒው ብቻ ነው ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለው ጽሑፍ ቤት ኮምፒውተር ውስጥ የቀረው። እዚያ ደብዳቤ የሚጠይቅ የለም፤ ፍላሽ ይዞ ብቅ ማለት ነው። ስሙ ይቀየራል፣ ወረዳው ይቀየራል፣ ዓመተ ምሕረቱም ይቀየራል (አንዳንዴ ይረሳል)። የአገሪቱ እውነተኛ ኦፕን አክሰስ (ጥናትን ለሁሉም በነጻ ክፍት ማድረግ) ይኸው ነው፣ ቅዳሜም ይሠራል። ዋናው ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ቢለቀቅ ግን ማንም ጎግል አድርጎ ኩረጃውን ይይዘው ነበር። የስንቱ እንጀራ ይዘጋ እንደነበር አስቡት።

ይህን የመሰለ ሥርዓት ለማፍረስ የተነሱም አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ2019 የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ብሔራዊ የኦፕን አክሰስ ፖሊሲ አወጣ። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ሕዝብ ይየው የሚል ነገር ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ብሶበት የመመረቂያ ጽሑፎችን ኢንተርኔት ላይ ይለቃል፤ የአገር ውስጥ ጆርናሎችንም ሰብስቦ ያስነብባል። ያውም በነጻ! ደግነቱ በቀላሉ የማይታለሉ መምህራን አሉን። ፖሊሲውን ወርክሾፕ ላይ አጨበጨቡለት፣ ሻይ ቡና ጠጡ፣ አበላቸውን ተቀበሉ፣ ጽሑፋቸውን ግን ከፍላሻቸው አላወጡም።

ፈረንጆቹም በዚህ ሙያ የሚናቁ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1982 አውሮፓውያን ተመራማሪዎች ከላይቤሪያውያን በተወሰደ ደም ውስጥ የኢቦላን ምልክት አገኙ። ላይቤሪያም ኢቦላ ካለባቸው አገሮች ተርታ ትቆጠር ብለው ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ወረርሽኙ አገሩን ሲያጥለቀልቀው የጤና ባለሥልጣናቱ ይህ ማስጠንቀቂያ መኖሩን አያውቁም ነበር። በኋላ ሲደርሱበት፣ እንዲህ ካሉት ጽሑፎች አንዱን ለማውረድ 45 ዶላር ይጠየቃል፤ ለአንድ የአገራቸው ሐኪም የግማሽ ሳምንት ደመወዝ ገደማ ነው ብለው አማረሩ። ደም የሰጠው ላይቤሪያዊ፣ ከፍሎ እንዲያነብ የተጠየቀውም ላይቤሪያዊ። ግሩም ሥራ ነው። ቢሆንም ፈረንጆቹ አንድ ስህተት ሠርተዋል፤ ዋጋ ለጥፈዋል። ዋጋ የተለጠፈበት ነገር ደግሞ አንድ ቀን ገዢ አያጣም። የእኛ ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ ማንም ሊገዛው አይችልም። በልጠናቸዋል።

በዚህ መሃል በየዓመቱ አዲስ ተመራቂ ያችኑ ቀበሌ ይረግጣል፣ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። ገበሬው ከመልመዱ የተነሳ ጥያቄው ሳያልቅ ይመልሳል። «የማዳበሪያ ዋጋ፣ መንገድ፣ ደላላ… የሚቀጥለውን እለፈው ልጄ፣ በሬዎቹን ሸጫለሁ።» ልጁ መዝግቦ ይመለሳል። ምዕራፍ አንድ ላይም «በዚህ ርዕስ በዚህ ወረዳ ከዚህ ቀደም የተደረገ ጥናት አልተገኘም» ብሎ ይጽፋል። አልዋሸም። ላይብረሪ ድረስ ሄዷል፤ ደብዳቤ አልያዘም ነበር።