እርማት፦ ትልቅ ፒኤስአይ ማለት ፈጣን ኮምፕሬሰር ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ አፋር አሸዋ ወርደው ለሚያድሩ ሰዎች «150 ፒኤስአይ የተጻፈበትን የጎማ አየር መሙያ ኮምፕሬሰር ግዙ፣ ቶሎ ይሞላል» ብለህ መክረሃል። በቅንነት እንደሆነ ይገባኛል። ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው።

ፒኤስአይ የግፊት ልክ ነው። መሣሪያው እስከ ምን ድረስ መግፋት እንደሚችል ይነግርሃል እንጂ ፍጥነቱን አይነግርህም። አሸዋው ላይ መኪናህ እንዳይሰምጥ የጎማህን አየር ወደ 18 ፒኤስአይ ብታወርደው፣ አስፋልት ስትገባ የሚያስፈልግህ 35 አካባቢ ነው። 150ው ምን ያደርግልሃል? የብስክሌት ፓምፕም ከፍተኛ ግፊት ይሰጣል፤ የፒክአፕ ጎማ ሙላበት ብትባል ግን ይመሽብሃል።

መታየት ያለበት በደቂቃ ስንት ሊትር አየር እንደሚሰጥ ነው። እዚህም ላይ ተጠንቀቅ። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ቱቦው ከጎማ ጋር ሳይገናኝ የተለካ ነው። ግፊቱ ሲጨምር ሊትሩ ይቀንሳል። ስለዚህ በ30 ፒኤስአይ ስንት እንደሚሰጥ ጠይቅ። ሳያርፍ ስንት ደቂቃ እንደሚሠራም ጠይቅ፤ በቆላ ሙቀት አራት ጎማ መሙላት ቀላል ሥራ አይደለም።

የመኪናው ላይተር (ሲጋራ ማቀጣጠያ) ሶኬት ላይ የሚሰካውን ተወው። የሶኬቱ ፊውዝ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 አምፒር ነው፤ ጠንካራ ኮምፕሬሰር 30ም ሊስብ ይችላል። በመቆንጠጫ ከባትሪው የሚያያዘውን ግዛ፣ ሞተሩን አስነስተህ ሙላ።

«ኮምቦልቻ ጎሚስታ ጋ እሞላለሁ» ብለህ ደግሞ በለሰለሰ ጎማ አስፋልት ላይ አትክነፍ። ጎማው ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል።